የ24 ቀን ሕፃን ማታ ማታ ሆዷን ይነፋታል፣ ከየት ልጀምር?

አዲስ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 24 ቀኗ ነው። ወሯን ጠብቃ በ3.1 ኪሎ ተወለደች፣ አሁን 3.6 ደርሳለች። ቀን ቀን ጡት ነው፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ 60 ሚሊ ሊትር ዱቄት ወተት በጡጦ ትጠጣለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጀምራ እስከ 3 ሰዓት ታለቅሳለች፤ ፊቷ ይቀላል፣ እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፣ ትፈሳለች። ጠዋት ደግሞ ለብቻው፣ ሩብ ሰዓት ያህል እየጮኸች ታምጣለች፤ የሚወጣው ግን ቢጫና ለስላሳ ነው። ስትጠባ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። ጡጦውን በአምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ትኩሳት የላትም፣ በቀን 7 ወይም 8 ዳይፐር ታረጥባለች። አንዱ የጋዝ ጠብታ ስጫት ይለኛል፣ ሌላው ውሃ ቅመሻት፣ ሌላው አንቺ ጥራጥሬ አትብዪ። የቱን ልያዝ?

የጡት ማጥባት አማካሪ፦

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ጠቅታውና አምስት ደቂቃው ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው። ሆዷን ከማሸትሽ በፊት አፏን ተመልከቺ። ጨጓራዋ ውስጥ ያለው አየር በአፏ የገባ ነው፤ ከላይ እየገባ ከታች ለማስወጣት መታገል ልፋት ብቻ ነው።

ጠቅታው የሚሰማው ምላሷ ጡቱን ለቅቃ መልሳ ስትይዝ ነው፤ በለቀቀች ቁጥር አየር ትውጣለች። ሆዷ ሆድሽ ላይ ይለጠፍ፤ ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። አንገቷ ከዞረ መዋጥ ይከብዳታል። አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርጊና እንደሚያዛጋ ሰው አፏን እስክትከፍት ጠብቂ። ስትከፍት እሷን ወደ ጡቱ ሳቢያት እንጂ ጡቱን ወደ አፏ አትግፊ፤ መጀመሪያ የሚነካው አገጯ ይሁን። በደንብ ከያዘች አገጯ ጡቱ ላይ ይጣበቃል፣ የታች ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበዛል። ጉንጯ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ወይም ጠቅታው ከቀጠለ፣ ንጹሕ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂያትና እንደገና ጀምሪ። አምስቴም ቢሆን። አያያዟ ተስተካክሎ ድምፁ ካልጠፋ ግን የምላሷን ሥር ባለሙያ ይይላት፤ ከሥር ያለው ጅማት አጭር ሲሆን ምላስ ጡቱን መያዝ ያቅታታል።

ወተቱ ሲወርድ ትን የሚላትና የምታስል ከሆነ ወደ ኋላ ጋደም ብለሽ ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ አጥቢያት፤ ሽቅብ ስትጠባ ፍሰቱ ይቀንሳል። አንዱን ጡት ራሷ ሳትለቅ ወደ ሌላው አትቀይሪ። ቶሎ ቶሎ ስትቀያይሪ ስቡ ያነሰውን ወተት ብቻ ትጠግባለች፤ እሱ ደግሞ በአንጀት ቶሎ ያልፍና ስኳሩ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ እዚያ ባክቴሪያ ጋዝ ያደርገዋል። ካካዋ አረንጓዴና አረፋማ ከሆነ ይህን ጠርጥሪ።

አሁን ጡጦው። ጡጦውን ገልብጠሽ ያዢው፤ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ሳይቋረጥ እንደ ክር ከወረደ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ለአራስ የሚሆነውን ዝግተኛ ጫፍ ግዢ። ስታጠጫት ቀና አድርገሽ ያዢያት፣ ጡጦውን አግድም ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው አውርጂውና ጫፉ በወተት እስኪሸፈን ብቻ ዘንበል አድርጊው። በየ20 ሚሊ ሊትሩ ዝቅ አድርገሽ አሳርፊያት። 60ው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይውሰድ።

አረፋም አለ። ዱቄቱ ተደባልቆ በኃይል ሲናጥ ወተቱ በጥቃቅን አየር ይሞላል። መጀመሪያ ውሃው ነው የሚገባው፣ ከዚያ ዱቄቱ፤ ማንኪያው ከአፉ ጋር የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ውሃው ፈልቶ ገና ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይወርድ ይደባለቅ። ከዚያ ጡጦውን እያሽከረከርሽ አሟሚው፣ አቀዝቅዢው፣ አረፋው እስኪረጋ ጠብቂ። የእጅ አንጓሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሳትለኪ አትስጪ።

የሕፃናት ነርስ፦

የላይኛው መልስ ላይ የምጨምረው የለኝም። የጠዋቱ ምጥ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከማታው ለቅሶ ጋር አታቀላቅይው።

ሰው ካካ ሲወጣ ሆዱን ይጨምቃል፣ በዚያው ቅጽበት የፊንጢጣውን ጡንቻ ያላላል። አራስ ልጅ ይህን ማቀናጀት ገና አልተማረችም፤ እየገፋች በሩን ትዘጋዋለች። ለዚህ ነው 10 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ እየጮኸች ቆይታ ለስላሳ የሚወጣው። ካካዋ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ድርቀት አይባልም። በቴርሞሜትር፣ በሳሙና ቁራጭ ወይም በዘይት በተነከረ ጥጥ መቀስቀስ አያስፈልግም። ለጊዜው ያስወጣታል፣ ግን ራሷ የምትለማመድበትን ዕድል ይወስድባታል፣ ስስ ቆዳውንም ያቆስላል። ጉልበቷን አጥፈሽ ወደ ሆዷ ጠጋ አድርገሽ ያዢላት፤ የቁጢጥ አቀማመጥ ማለት ነው። ሌላው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል።

ለጋዙ ሆዷን ማሸት ትችያለሽ። ከጠባች ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ አለበለዚያ ታቀረሻለች። እጅሽን አሙቂ፣ ሽታ የሌለው ዘይት ጥቂት ጠብ አድርጊ። ትይዩ ሆነሽ ስታያት መዳፍሽን በእምብርቷ ዙሪያ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሪ፦ በቀኟ በኩል ወደ ላይ፣ ከእምብርቷ በላይ አቋርጦ፣ በግራዋ ወደ ታች። ትልቁ አንጀት የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ በተቃራኒው ካሸሽ ጋዙን ወደ መጣበት ትመልሺዋለሽ። እትብቷ በደንብ ካልደረቀ እሱን አትንኪ። አምስት ስድስት ዙር ካዞርሽ በኋላ ሁለቱንም ጉልበቷን ወደ ሆዷ አምጥተሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ ከዚያ እግሮቿን በየተራ እንደ ብስክሌት አሽከርክሪ። ሆዷን አጠንክራ የምትጮህ ከሆነ አቁሚ፤ የተወጠረ ሆድ አይታሽም።

አዲስ እናት፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግሳቱን ማስወጣት ላይ ተቸግሬአለሁ። ግማሽ ሰዓት ጀርባዋን መታ መታ ሳደርግ እቆይና ምንም አይወጣም፣ እሷም ከእንቅልፏ ትነቃለች።

የሕፃናት ነርስ፦

አምስት ደቂቃ ሞክሪ፣ ካልወጣ ተይው። አየር ያልዋጠች ልጅ የምታገሳው የላትም። ሕንድ ቻንዲጋር ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ማስገሳት የሆድ ቁርጠት ለቅሶን እንዳልቀነሰ፣ ማቅረሻትን ግን እንዳበዛ አሳይቷል። ስለዚህ ግዴታ አታድርጊው። ስትሞክሪ ግን አቀማመጡ ከመምታቱ ይበልጣል። ትከሻሽ ላይ ከፍ አድርገሽ ያዢያት፣ ትከሻሽ ሆዷን ገፋ ያድርግ። ወይም ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ አገጯን በጣቶችሽ ደግፊ (ጉሮሮዋን ሳይሆን አገጯን) እና ትንሽ ወደ ፊት አዘንብያት። ጀርባዋ ከጎበጠ ጨጓራዋ ይታጠፍና አየሩ ወደ ላይ መውጫ ያጣል፤ ቀጥ አድርጊው። ጡት ስትቀይሪና በጡጦው እረፍት ላይ ሞክሪ፣ ተኝታ ከሆነ አትቀስቅሻት።

ፋርማሲስት፦

ስለ ጠብታዎቹ። የጋዝ ጠብታ የሚባለው ሲሜቲኮን ነው። ትናንሽ አረፋዎችን ያዋህዳል፣ ወደ ደም አይገባም፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሆኖም መድኃኒት ከሌለው ጠብታ ጋር ሲወዳደር ለቅሶን በመቀነስ በልጦ አልተገኘም። የተሻለ ማስረጃ ያለው ላክቶባሲለስ ሩተሪ ዲ.ኤስ.ኤም. 17938 የተባለው ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ) ነው፤ በጥናቶቹ የተሰጠው በቀን አንድ ጊዜ 5 ጠብታ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ፣ ለሦስት ሳምንት ነበር። የጠቀመው ግን ጡት ብቻ ለሚጠቡት ነው፤ ጡጦ ለሚጨምሩት ማስረጃው ደካማ ነው። ሐኪም ሳያይ ደግሞ አይጀመርም፣ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን በተለይ።

ውሃ አትስጫት፤ በስኳርም ሆነ በቅጠል የተፈላ። ከስድስት ወር በታች ውሃ የወተቱን ቦታ ይይዛል፣ ሲበዛም በደሟ ያለውን ሶዲየም ያቀጥናል፤ ይህ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላት በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም፤ ውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ያድጋል።

ጥራጥሬሽን ብዪ። ጋዙ የሚፈጠረው አንጀትሽ ውስጥ ነው፤ ወተት ከደም ነው የሚሠራው፣ ጋዙ ወደዚያ አይሻገርም። ከአመጋገብሽ ጋር ሊያያዝ የሚችለው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው። በካካዋ ደም ወይም ንፍጥ፣ ቆዳዋ ላይ ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ካየሽ ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ ወተትና የወተት ተዋፅኦ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ መልሰሽ ቀምሰሽ ታረጋግጫለሽ። መልሶ መቅመሱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ያኔ እናት በከንቱ ወራት ተከልክላ ትኖራለች።

የጡት ማጥባት አማካሪ፦

የማታው ለቅሶ ከጋዝ ላይሆንም ይችላል፤ ይህን ማወቅ ይጠቅምሻል። የዚህ ዕድሜ ለቅሶ በሁለት በሦስት ሳምንት ጀምሮ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይከፋል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ይረግባል። ስታለቅስ ደግሞ አየር ትውጣለች፣ ስለዚህ ፈሱ የለቅሶው ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እጇን መጥባት ስትጀምር ወይም ራሷን ወዲያ ወዲህ ስታዞር ጡት ስጫት፤ ተርባ እስክትጮህ አትጠብቂ።

አቅፈሽ ተራመጂ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ አቅፎ መራመድ የሚያለቅስ ሕፃን ያረጋጋል፤ ከተኛች በኋላ ከማስተኛትሽ በፊት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አቅፈሻት ተቀመጪ። ብዙ ጊዜ የሚነቁት ገና እንቅልፉ ሳይጠና ከእቅፍ ሲለዩ ነው። እሹሩሩውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መብራቱም ደብዘዝ ይበል። ትዕግሥትሽ ካለቀ በጀርባዋ አልጋዋ ላይ አስተኝተሽ አሥር ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ። ፈጽሞ አትነቅንቂያት።

የሕፃናት ነርስ፦

የሚከተሉትን ካየሽ ግን ጊዜ ሳትሰጪ ወደ ጤና ተቋም ውሰጃት፦ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም፣ የተወጠረና ጠንካራ ሆድ፣ ከእያንዳንዱ መጥባት በኋላ ርቆ የሚፈናጠር ትውከት፣ ያበጠ እርግብግቢት፣ በብሽሽቷ የሚወጣ እብጠት፣ ለመጥባት መድከም፣ በቀን ከ6 ያነሰ ሽንት። ለቅሶው በድንገት ከጀመረና አልቆም ካለ ካልሲዋን አውልቀሽ የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ እዪ። የራስ ፀጉር ተጠምጥሞ ደም ሲያቆም ከሆድ ቁርጠት አይለይም።

አዲስ እናት፦

ዛሬ ጡጦውን ገልብጬ አየሁት፣ እንደ ክር ነው የሚወርደው። ጫፉን እቀይራለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ክንዴ ላይ በሆዷ ስትንጠለጠል ዝም ትላለች፣ እንቅልፍም ይወስዳታል። እንደዚያው በሆዷ ላስተኛት?

የሕፃናት ነርስ፦

አይሆንም። ክንድሽ ላይ ነቅታ እስካለች፣ ጭንቅላቷ ክርንሽ ጋ፣ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ መዳፍሽ በእግሮቿ መሀል ሆኖ መያዙ ጥሩ ነው። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን በጀርባዋ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ሳይኖር። በሆዷ መተኛት ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን ያበዛል። የአልጋውን ራስ ከፍ ማድረግም አይጠቅማትም፤ እየተንሸራተተች አገጯ ደረቷ ላይ ይታጠፍና መተንፈሻዋን ያጠባል።