ጀርባው የጎደጎደ የፖላንድ የብር ሳንቲም፦ ተበላሽቶ ነው?

ሩቅ_አገር፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፖላንድ፣ ፖዝናን ከተማ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ አዛውንት ሰብሳቢ ትንሽ የብር ሳንቲም ገዛሁ። የፖላንዱ መስፍን የሽማግሌው ሚየሽኮ ነው፣ 12ኛው መቶ ዘመን፣ አሉኝ። ስስነቱ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ፊቱ ላይ ሰው አለ፤ አጠገቡ አራት የማላውቃቸው ፊደሎች። ጀርባው ላይ ግን ያው ሥዕል ተገልብጦ ጎድጉዷል። ተጨፍልቆ ነው? በጣቴ ባቃናውስ?

ቀጭን_ብር፦
ወንድሜ፣ እንዳትነካው! ምንም አልሆነም። ብራክቴያት ይባላል። የሚመታው በአንድ ማኅተም ብቻ ነው። ስሱን ብር እንደ ቆዳ ባለ ለስላሳ ነገር ላይ አስቀምጠው ከላይ ይመቱታል። ከፊት ያበጠው ከኋላ ይጎደጉዳል። ላቃናው ስትል ይሰነጠቃል። እኔ አንዱን እንዲሁ ሰብሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠርዙን ብቻ ያዝ።

የስስነቱ ነገር ግን ብር ከመቆጠብም ያለፈ ነው። በዚያ ዘመን መስፍኑ የቆየውን ሳንቲም በየጊዜው ይሽራል። ሕዝቡ አሮጌውን አምጥቶ በአዲስ ይለውጣል፤ ሲለውጥ ግን ከሰጠው ያነሰ ይቀበላል። ልዩነቱ ለመስፍኑ ነው። ግብር ማለት ነው። ነገ ለሚሻር ገንዘብ ደግሞ ጥንካሬ ምን ያደርግለታል? ዜና መዋዕል ጸሐፊው ቪንሰንቲ ካድዉቤክ የሚየሽኮን ሹማምንት ቅጣትና ብዝበዛ አምርሮ ጽፎታል። የክራኮቭ መኳንንት በ1177 እ.ኤ.አ. አባረውታል። እኔ ያን ስስ ብር ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን መስፍኑ ሳይሆን፣ ሦስት ይዞ መጥቶ ሁለት ይዞ የሚመለሰው ገበሬ ነው።

ዳዊት_ደጋሚ፦
ፊደሎቹ ዕብራይስጥ ሳይሆኑ አይቀሩም። የሚየሽኮን ሳንቲም ከሚያስመቱት ውስጥ አይሁዳውያን ነበሩበት። ከቀኝ ወደ ግራ ጀምር። መዝሙር 119ን ስትደግም በየክፍሉ አናት የምታያቸው ስሞች ናቸው፦ ቤት፣ ሬስ፣ ካፍ፣ ሄ። ሲነበብ «ብራካ»። የእኛው በረከት! ሌሎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ደግሞ በዕብራይስጥ ፊደል፣ በፖላንድኛ ቃል፣ «ሚየሽኮ የፖላንድ ንጉሥ» የሚል አለ። ዘውድ ግን አልጫነም፤ መስፍን ነበር።

ሩቅ_አገር፦
አሁን በማጉያ መነጽር እያየሁት ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ተመሳሰሉብኝ።

ዳዊት_ደጋሚ፦
ቤት ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ተረከዝ አላት። ካፍ ጀርባዋ ክብ ነው።

ሩቅ_አገር፦
አዎ፣ ተረከዟ አለች! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ወደ ሣጥኑ መለስኩት።