ልጄ ትምህርት ቤት ውሃ አትጠጣም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (እናት፣ ከፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ 7ኛ ክፍል። በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አብሮ አደጎቿ በየአቅጣጫው ሄዱ። አሁን የክፍሏ ሴቶች ስም አውጥተውላታል። እረፍት ላይ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመው አናሳልፍሽም ይሏታል። ጠዋት የሞላሁላት ኮዳ እንደሞላ ይመለሳል። ማታ ራሷን ያማታል፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሆዴን ትላለች። ሐኪም ቤት "ምንም የለባትም" ተባልኩ። አባቷም "ትለምደዋለች" ይላል።

ነርስ፦ አይዞሽ እህቴ። ሕመሟ የውሸት አይደለም። ፍርሃት ሆድ ይቆርጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ውሃውን ግን ለብቻው እዪው። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ነው የማትጠጣው። የውሃ እጥረት ራስ ያሳምማል፤ ሽንት መቋጠር ደግሞ በተለይ ሴት ልጅን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ስትሸና ያቃጥላት እንደሆነ ጠይቂያት። ካቃጠላት የሽንት ምርመራ አሠሪላት።

መምህር፦ "ትለምደዋለች" ሲባል ያመኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 32 በመቶ ያህሉ ተማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ በእኩዮቻቸው ተጠቅተዋል። ስለበዛ ቀላል አይሆንም። ለልጆቹ ወላጆች አትደውዪ፤ ጠብ ይሆንና ብድሩ እሷ ላይ ይወጣል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያሏትን ቃል እየጻፍሽ ያዢ። ከዚያ የሆም ሩም መምህሯን ለብቻ አግኚና "እረፍት ላይ ሽንት ቤቱ ጋ ማን ይቆማል?" በያቸው። "ልጄን ተከታተሉልኝ" ካልሽ ሁሉም እሺ ይልሻል፣ ማንም አይከታተልም። ለውጥ ካጣሽ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አስገቢ፤ ቅጂው እጅሽ ይቅር።

የሁለት ልጆች አባት፦ ብቻዋን የምትታይ ልጅ ላይ ነው የሚበረቱት። ከክፍሏ አንዲት ደህና ልጅ ፈልጊና ቅዳሜ ቤት ጥሪላት። ከድሮ ጓደኞቿም ጋር በስልክ አገናኛት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ግን "እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር" አለችኝ። ተናዳ ነው?

ነርስ፦ በንዴት ነው ብለሽ አትለፊው። ዛሬውኑ፣ ሳትቆጪ፣ "ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም። ቤት ያለውን መድኃኒትና በረኪና ቆልፊበት። አዎ ካለች ብቻዋን አትተያት፤ ሌሊትም ቢሆን ቅርብሽ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ከላኩሽም ሰው ምን ይላል ብለሽ አትቅሪ።