ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል በምን ላስተምር? (ሊንክ ሰልችቶኛል)

የዘጠነኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ባልደረባዬ "ለመምህራንና ራሳቸውን ለሚያስተምሩ 100 ምርጥ ድረ ገጾች" የሚል ፋይል በቴሌግራም ላከችልኝ። ደስ ብሎኝ ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ አልኩና አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ፤ ግማሹ ጠፍቷል፣ ከቀረው ብዙው የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል፣ የተረፈው ደግሞ 20 ልጅ ላለበት ክፍል የተሠራ ነው፣ እንዲህ ስል የወር ጥቅሌ በሁለት ምሽት አለቀ። ባዶ እጄን ቀረሁ።

ያለኝ ይሄ ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ዊንዶውስ 10። ፕሮጀክተር ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ነው፣ በተራ ነው የምንወስደው። የአይሲቲ ክፍላችን 20 ኮምፒውተር አለው፣ የሚነሱት 11 ናቸው። በገመድ የተያያዙ ናቸው ግን ኢንተርኔት የለም። በአንድ ክፍል 62 ተማሪ አለኝ። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

የምፈልገው ሁለት ነገር። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰርኪት (የኤሌክትሪክ ዑደት) እጀምራለሁ። ላባችን ውስጥ ያለው አንድ አሜትር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ነው፣ እሱም መርፌው ከሞተ ቆይቷል። ሁለተኛ፣ ለራሴ መማር እፈልጋለሁ። ዲግሪዬን ከያዝኩ 9 ዓመት ሆነኝ፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ነገር ቢኖር የተማሪ መጽሐፍ ነው። ሰርተፍኬት ቢኖረው አልጠላም።

እባካችሁ ሊንክ አትደርድሩልኝ። ራሳችሁ ሞክራችሁ የሠራላችሁን ብቻ ንገሩኝ።

ቢኒ፦
ቴሌግራም ላይ ሁሉም አለ እኮ። መጽሐፍ በይ፣ ጥያቄ በይ፣ ቪዲዮ በይ። ለምን ትለፊያለሽ?

የዘጠነኛዋ፦
ቢኒ፣ ከዚያ ያወረድኩትን የጥያቄ ፋይል ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ተዋርጃለሁ። ለካ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት ነው። አንዱ ልጅ "ቲቸር ይሄ ምዕራፍ እኛ መጽሐፍ ላይ የለም" አለኝ። መጽሐፉንና የመምህሩን መመሪያ አሁን ትምህርት ሚኒስቴር ካወጣው ፒዲኤፍ ብቻ ነው የምወስደው።

የታቦር ልጅ፦
እህቴ፣ አይሲቲ ነው የማስተምረው፣ እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። ያንቺ ችግር የድረ ገጽ ማነስ አይደለም። ክፍልሽ ድረስ የሚመጣ ድረ ገጽ ማጣትሽ ነው። ስለዚህ 100ውን እርሺውና ኮሊብሪ የሚባለውን ያዢ።

ኮሊብሪ ነፃ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ትጭኚዋለሽ፣ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄደሽ የምትፈልጊውን ትምህርት አንዴ ታወርጂበታለሽ፣ ከዚያ በኋላ ላፕቶፕሽ ራሱ ትንሽ ድረ ገጽ ይሆናል ማለት ነው። 11ዱ ኮምፒውተሮች ብሮውዘራቸውን ከፍተው የላፕቶፕሽን አድራሻ ሲጽፉ ይገባሉ። ዳታ አይበላም። ካን አካዳሚ የሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮና መልመጃ አለበት፣ ሌላም ብዙ። ማን ምን ሠራ፣ ማን የት ቆመ የሚለውንም ያሳይሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ሁሉንም አውርድ" የሚለውን እንዳትነኪ! ካን አካዳሚ ብቻውን ብዙ አስር ጊጋባይት ነው። ገብተሽ የምታስተምሪውን ምዕራፍ ብቻ ምረጪ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ብዬ የሌሊት ጥቅሌን ጨርሼ፣ ሲነጋ ያገኘሁት የ1ኛ ክፍል መደመር ነው።

የወንዶ ገነቱ ቲቸር፦
ፊዚክስ ነኝ እኔም። ለሰርኪት ከሆነ ፌት (PhET) የሚባለውን የሚያህል የለም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የሳይንስ ሙከራ (ሲሙሌሽን) ስብስብ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚሠራ ነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው በ2001 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን ነው። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ሲሙሌሽን ጥቂት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ነው። ታወርጂዋለሽ፣ በፍላሽ ትወስጂዋለሽ፣ ብሮውዘር ላይ ትከፍቺዋለሽ፣ አለቀ።

"ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት ዲሲ" የሚለውን ፈልጊ። ልጁ በማውስ ባትሪ ይጎትታል፣ ሽቦ ይቀጥላል፣ አምፖል ያበራል፣ አሜትርና ቮልትሜትር ያስገባል። ሾርት ካደረገ ባትሪው በእሳት ይያያዛል፣ እሱን በጣም ነው የሚወዱት።

አሁን ግን እንዴት እንደምታስተምሪበት ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔ መጀመሪያ እንደ ፊልም አሳይቻቸው ምንም አልገባቸውም። ከመንካታቸው በፊት አስገምቻቸው። "ሁለት አምፖል በሲሪስ (በአንድ መስመር ተከታትለው) ብጨምር መጀመሪያ የነበረው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል ወይስ ባለበት ይቀራል?" በይና እጅ አስወጪ። ግምታቸውን ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ጻፊ። ከዚያ ክፈቺው። የተሸነፈው ወገን "እንዴት ሊሆን ቻለ" ብሎ መከራከር ሲጀምር ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው።

ከተቻለሽ ደግሞ ሁለት የባትሪ ድንጋይና ሁለት ትንንሽ የእጅ ባትሪ አምፖል ይዘሽ ግቢ። ስክሪን ላይ ያየውን በእጁ ካልነካው ጌም ነው የሚመስለው።

ቢኒ፦
እንግሊዝኛውስ? የኔ ተማሪዎች የካን አካዳሚን ሰውዬ ሲሰሙ እንቅልፍ ነው የሚወስዳቸው።

የወንዶ ገነቱ ቲቸር፦
ልክ ነህ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንደዚያው፣ ልጁ ግን የሚያስበው በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ነው። እኔ ድምፁን አጥፍቼ ራሴ ነው የምተርከው። ሦስት ደቂቃ አሳይቼ አቆማለሁ፣ አስረዳለሁ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው በሚስለው ሥዕል እንደማስተማር ቁጠረው።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እኔ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመምህርቷን ሁለተኛ ጥያቄ ማንም አልመለሰም፣ ስለዚህ እኔ ልግባ።

ጡረታ እንደወጣሁ ጠዋት ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፣ ዓሣ ሾርባዬን እጠጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑ አያልቅም። የልጄ ልጅ ኤም አይ ቲ ኦፕን ኮርስዌር የሚባለውን አሳየኝ። ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ፈተና ከነመልሱ በነፃ አውጥቶታል፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ነው ይህን አደርጋለሁ ብሎ ያስታወቀው፣ አሁን ከ2,500 በላይ ኮርስ አለው። እኔ የያዝኩት የፕሮፌሰር ጊልበርት ስትራንግን ሊኒየር አልጀብራ ነው። ሰውዬው ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው ያለው! ከ60 ዓመት በላይ አስተምሮ የመጨረሻ ክፍሉን የሰጠው በ2023 በ88 ዓመቱ ነው። እሱን ሳይ ቶሎ ጡረታ የወጣሁ መሰለኝ።

አንድ ትምህርት እስክጨርስ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። አቆማለሁ፣ በደብተር እሠራለሁ፣ አልገባ ሲለኝ ወደኋላ እመልሳለሁ። ድሮ መምህራችንን "ይድገሙልኝ" ለማለት ስንፈራ አስታውሳለሁ።

ሰርተፍኬት ግን አይሰጥም፣ ከመጀመሪያው እወቂው።

የዘጠነኛዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ከዚያ ከጀመሩ እኔ ምን ሰበብ አለኝ። ግን ወረቀቱንም የምፈልገው ለተሙማ (ለመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ነው፣ 60 ሰዓቱን በወሬ ነው የምንሞላው።

የታቦር ልጅ፦
ለወረቀት ከሆነ ሦስት አሉ፣ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኦፕንለርን የሚባል አለው፣ አጫጭር ኮርሶች ናቸው፣ ስትጨርሺ የተሳትፎ ወረቀት በነፃ ይሰጥሻል። ኮርሴራ የሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ይከፈልበታል ግን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው። ለምን እንደምትፈልጊው ትጽፊያለሽ፣ መልሱ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይወስዳል። ከልብሽ ጻፊ፣ ከሌላ ሰው አትቅጂ። ሦስተኛው የኛው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተጀመረው። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው፣ ነፃ ነው፣ ሰርተፍኬት አለው። ፊዚክስ ለምታስተምር ሰው የዳታው ጥሩ ነው።

ለተሙማ ይቆጠራል ወይ የሚለውን ግን ኮርሱን ሳትጀምሪ ርዕሰ መምህርሽን ጠይቂ። እኔ ጨርሼ ነው የጠየቅኩት። ፋይሌ ውስጥ ገባ፣ በቃ።

የአንደኛ ክፍል እናት፦
ይቅርታ በመሃል ልግባ፣ እኔ የ1ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ ስለ ሰርኪት አላውቅም። ለትንንሾች የሚሆን በሲዳምኛ የሚነበብ ነገር ያለው ሰው ካለ? ክፍሌ ውስጥ ከመጽሐፋቸው ሌላ የሚነበብ የለም።

የታቦር ልጅ፦
አለ። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ ብለሽ ፈልጊ፣ የልጆች መጽሐፍ ድረ ገጽ ነው። እንዲያውም በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ነው የተመረቀው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን በሥዕል የተደገፉ ተረቶች አሉት። በነፃ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ማተምና ማባዛት ይቻላል። አሥሩን አሳትመሽ በላስቲክ ብትሸፍኚያቸው ዓመቱን ይዘልቁልሻል።

የአንደኛ ክፍል እናት፦
አሥር አልኩህ እንዴ፣ ሃያ ነው የማሳትመው። ተባረክ።

የዘጠነኛዋ፦
ተመልሼ መጣሁ፣ ተቸግሬ ነው። አንድ ዘመዴ ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ላይ ሁሉንም አወረደልኝ። ኮሊብሪ ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ይሠራል። ግን ሌላ ኮምፒውተር አይገባም። ሆትስፖት ከላፕቶፑ ላበራ ስል ደግሞ ኢንተርኔት ስለሌለ አልከፍትም ይለኛል። ይባስ ብሎ አብሮ ያወረደልኝን ዊኪፔዲያ ፍላሽ ላይ ልገለብጥ ስል "ፋይሉ ትልቅ ነው" አለኝ፣ ፍላሹ 32 ጂቢ ሆኖ!

የታቦር ልጅ፦
ሦስቱም የታወቁ ናቸው፣ አትደንግጪ።

የፍላሹ፦ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ስለሆነ ነው፣ እሱ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጪና ኤክስፋት ብለሽ ፎርማት አድርጊው። በነገራችን ላይ ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጂቢ አካባቢ ነው። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን በኪዊክስ (ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም) ብታወርጂ ጥቂት ጂቢ ነው፣ ለ9ኛ ክፍል ልጅም እሱ ይሻላል።

የሆትስፖቱ፦ ዊንዶውስ 10 የሚያካፍለው ኢንተርኔት ከሌለው እምቢ ይላል። ቢከፍትልሽም 8 መሣሪያ ብቻ ነው የሚይዘው። ተዪው። አይሲቲ ክፍሉ በገመድ ተያይዟል አላልሽም? ላፕቶፕሽን በኔትወርክ ገመድ ሲዊቹ (ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ሰኪው።

አልገባም ያለው፦ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚዘጋው) ነው የሚከለክለው። ኮሊብሪን ፍቀጂለት፣ ኔትወርኩንም "ፕራይቬት" አድርጊው። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ከፍተሽ አይፒ ኮንፊግ (ipconfig) ብለሽ የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር እዪ፣ በሌሎቹ ብሮውዘር ላይ ያንን ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ 8080 ብለሽ ጻፊ። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ ምንድን ናቸው?

የዘጠነኛዋ፦
7 ናቸው። ብሮውዘሩ ያ ሰማያዊው ኢ (ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር) ነው።

የታቦር ልጅ፦
ሰማያዊው ኢ ፌትን አይከፍትም፣ አትልፊ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሄደው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው። እሱን በፍላሽ ይዘሽ 11ዱም ላይ ጫኚ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አንዴ ነው።

ቢኒ፦
ጥያቄውን ደግሞ ኤአይ ያውጣልሽ፣ በሁለት ደቂቃ 30 ጥያቄ።

የወንዶ ገነቱ ቲቸር፦
ያውጣ፣ መልሱን ግን ራስሽ ሥሪው። ለእኔ አንዱ ያወጣልኝ የፓራለል ጥያቄ መልሱ ስህተት ነበር፣ ያገኘችው ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ ናት።

የዘጠነኛዋ፦
ዛሬ አደረግኩት! ከ11ዱ አንዱ መሃል ላይ ጠፋ፣ 10 ቀረ፣ በአንድ ኮምፒውተር ስድስት ሰባት ልጅ። መጀመሪያ ሁሉም ባትሪ ማቃጠል ሆነ ሥራቸው፣ እሳቱ በወጣ ቁጥር ጩኸት፣ ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩት መጥተው አዩን። ልቆጣ ነበር ተውኩት። ካቃጠሉ በኋላ አንዱ "ቲቸር አምፖሉን መሃል ላይ ሳስገባ ለምን አይቃጠልም?" አለ። ሬዚስታንስን አምና አንድ ሳምንት ሙሉ አስተምሬ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ የለም። መብራት ሄደና ተበተንን እንጂ ገና አልጨረስንም ነበር።

እኔም ማታ ማታ የጋሼን ኮርስ ጀምሬያለሁ። ሁለተኛው ትምህርት ላይ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ ወደኋላ መልሻለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ጎበዝ! እቤት የማልጠቀምበት ራውተር አለኝ። ሐሙስ ከሰዓት ይዤ ልምጣ፣ የማይነሱትን ዘጠኙንም አብረን እንያቸው። ከሁለት አንድ እያደረግን ሦስት አራት አናጣም።

ጋሽ ጡረተኛ፦
እኔስ ልምጣ? ወንበር አላጣብባችሁም፣ ዕድሜዬን በሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው የኖርኩት።