ጥቆማ፦ የደራሲ ሚስት ታሪክ የሆነ ልቦለድ የቱን ልግዛ? የትስ አገኛለሁ?

የሳሪሷ፦ ሰላም ቤተሰብ። የእህቴ ልደት ደርሷል። የታዋቂ ደራሲ ሚስት ታሪክ የሆነ ታሪካዊ ልቦለድ ልገዛላት አስቤ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ የፓውላ ማክሌይን «ዘ ፓሪስ ዋይፍ» ነው፤ የሄሚንግዌይ የመጀመሪያ ሚስት የሃድሊ ታሪክ። ሌላው የናንሲ ሆራን «አንደር ዘ ዋይድ ኤንድ ስታሪ ስካይ»፤ የስቲቨንሰንና የባለቤቱ የፋኒ። የቱ ይሻላል? አዲስ አበባ ውስጥ ኦርጅናሉ የት አለ? ፎቶ ኮፒ አልፈልግም።

ገጽ በገጽ፦ የፓሪሱን ያዢ። አብዛኛውን የምትተርከው ራሷ ሃድሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ1921 ተጋብተው ፓሪስ ይገባሉ። በ1922 መጨረሻ ጽሑፎቹን ሻንጣ ሙሉ ይዛለት ስትሄድ ጋር ደ ልዮን ባቡር ጣቢያ ትሰረቃለች። ቅጂዎቹም አብረው ነበሩ! እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ለሷ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ከፒያሳ፦ ስለ ፎቶ ኮፒው ልንገርሽ። አንድ ሱቅ፣ ስሙ ይቅር፣ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ከገጽ 96 ቀጥሎ 129 መጣ። ልመልስ ብሄድ «አንብበሽ ጨርሰሽ ነው የመጣሽው» አይለኝም!

አንባቢ ነኝ፦ እኔም ደርሶብኛል። የኔው ደግሞ ሽፋኑ የአንድ መጽሐፍ፣ ውስጡ የሌላ።

ማሙሽ፦ እባካችሁ መጽሐፍ ሻጭን ሁሉ አንድ ላይ አትውቀጡ። ለገሃር አካባቢ የኔ ደንበኛ አለ፤ እንደሱ ያለ ታማኝ ሰው አላየሁም።

አንባቢ ነኝ፦ ከመንገዱ ማዶ ያለው ነው? ሽፋኑና ውስጡ የተለያየውን የሸጠልኝ እሱ ነው።

ማሙሽ፦ ተሳስቶ ይሆናል። ሰውየው ሻይ ሳይጋብዝ አይሸኝም። እኔ ከሱ ውጪ አልገዛም።

ገጽ በገጽ፦ እህታችን ስጦታ ነው የጠየቀችው፣ ሻይ አይደለም።

የራሺያ ነገር፦ ሁለቱንም ተዪያቸው። የዶስቶየቭስኪን ሚስት የአናን ማስታወሻ አንብቢ። በ1866 ለአሳታሚ ቃል የገባበት ቀን ደርሶ ሲጨነቅ የ20 ዓመቷ አና በአጭር እጅ ጽሕፈት ልትረዳው መጣች። «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ጨረሱት። በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ። ኋላም መጽሐፎቹን ራሷ እያሳተመች ከዕዳ አወጣችው።

ከፒያሳ፦ ጥሩ ነው፤ ግን የጠየቀችው ልቦለድ ነው። ለልደትስ ቁማርተኛ ባል ምን ይባላል?

ቴክኖ፦ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ልላክልሽ?

ገጽ በገጽ፦ ፒዲኤፍ በሪቫን ታስሮ ይሰጥ እንግዲህ 😂

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሁለቱንም እዚህ አሜሪካ በላይብረሪ ካርድ፣ ሊቢ በሚባለው አፕ አንብቤያለሁ። እውነቱን ለመናገር የፋኒ ይበልጣል። በ1876 ፈረንሳይ ውስጥ ግሬ የምትባል መንደር ሲገናኙ ከስቲቨንሰን በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ካሊፎርኒያ ባል አላት። ትንሹን ልጇን ገና መቅበሯ ነው። እሱ ደግሞ ሳንባው የታመመ፣ ከወላጆቹ ኪስ ያልወጣ ልጅ። በ1879 ቤተሰቡን ሳያማክር፣ ያን በሽታውን ተሸክሞ፣ በመርከብና በባቡር ካሊፎርኒያ ድረስ ተከተላት። በ1880 ተጋቡ። እሷም ዝም ብላ አስታማሚ አይደለችም። «ጄኪልና ሃይድ»ን መጀመሪያ ሲጽፈው ነቅፋበት እሳት ውስጥ እንደከተተውና እንደ አዲስ እንደጻፈው ይነገራል። ሳሞአ ላይ በ44 ዓመቱ እስኪሞት አብራው ነበረች። ትንሽ ይረዝማል፣ መሐል ላይ ያንቀላፋል፤ ግን ታገሺው። ደግሞ እህትሽ ባለትዳር ከሆነች የፓሪሱን አትስጪያት፤ በፍቺ ነው የሚያልቀው።

አንባቢ ነኝ፦ ኧረ መጨረሻውን አትናገሪ! ልጀምረው ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሄሚንግዌይ አራት ሚስት ማግባቱን ያልሰማ አለ እንዴ? የሳሪሷ፣ በሚቀጥለው ወር ወደ አዲስ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ከፈለግሽ ኦርጅናሉን አስይዝልሻለሁ፤ በውስጥ አናግሪኝ።

የሳሪሷ፦ ውይ ተባረኪ! ልደቷ ግን ቅዳሜ ነው። 😩 ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አስቤ እወስናለሁ።

ማሙሽ፦ ቅዳሜ ከሆነ የኔን ደንበኛ እይው አልኩሽ። ባይኖረውም ያስመጣልሻል።

ከፒያሳ፦ ከገጽ 96 በኋላ ያለውንም ያስመጣ እንደሆነ ጠይቅልኝ እስኪ።

የልጆች እናት፦ ማሙሽ ወንድሜ፣ እዚያ ሱቅ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ይኖር ይሆን?