የተሰነጠቀ ካያክ (የፕላስቲክ ታንኳ) የጠገነ ሰው አለ? ቅዳሜ ሐይቅ ልንወርድ ነው

ሰላም ወገኖቼ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ቀዘፋ የምንወድ ስምንት ልጆች ነን። ቅዳሜ ሐይቅ ወርደን እስከ እስጢፋኖስ ገዳም ልንቀዝፍ፣ ማታም ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ስለተያያዘ በእግርም ይገባል። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማትገባና ሁለት እህቶች አብረውን ስላሉ፣ የምናድረው ማዶ ዳርቻው ላይ ነው።

የቸገረኝ አንዷ ካያክ ናት። ከመቀመጫው ሥር የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቃለች። ኤፖክሲ ማጣበቂያ ቀብቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ለካ ካያኳ የተሠራችበት ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይዝም፤ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ በሙቀት መበየድ አለበት። ቢጫው ጀሪካንም ከዚሁ ዘር ስለሆነ፣ ከሱ ቀጭን ቆርጬ በጋለ ብረት ላቅልጥበት አስቤያለሁ። የስንጥቁ ጫፎች ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ልብሳ? ከውስጥም ከውጭም ልበይደው?

የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ፕላስቲክ የሚበይድ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የሰው ልጅ በግምት አሳፍሬ መውጣት አልችልም። እስከ ሐሙስ ካልሆነልኝ እሷን ትቼ በተራ እንቀዝፋለን።