ብሩሽ ያልተነሣባቸው ቀናት ይከፈሉ?

ጠያቂው፣ ከደብረ ብርሃን፦
ከተማችን ለሕዝብ አዳራሽ ግድግዳ ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሰው ወይም የዕቃ መልክ ሳይሆን መስመርና ቀለም ብቻ የሚታይበትን ሥዕል ብታሠራ፣ ሰዓሊው በዝምታ የሚቀመጥባቸው ቀናት ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈሉ? እኔ ይከፈሉ ባይ ነኝ። ካናዳ የተወለደችው አሜሪካዊት ሰዓሊ አግነስ ማርቲን (1912–2004 እ.ኤ.አ.) ወንበር ላይ ተቀምጣ አእምሮዋ ጸጥ እስኪል ትጠብቅ ነበር። ሥዕሉ በትንሹ፣ ግን ምንም ሳይጎድለው በዓይነ ኅሊናዋ ሲመጣላት ጎንና ቁመቱ 1.83 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ በስሌት ታሰፋዋለች፤ ከዚያ በእርሳስና በስስ ቀለም መስመር በመስመር ትሠራዋለች። ያልወደደችውን በቢላ ትቀድደዋለች። ዋናው ሥራ ያለቀው እኮ ወንበሩ ላይ ነው!

የመንዟ፦
አልስማማም፣ ወንድሜ። እናቴ ለባና፣ ለወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር ስትፈትል ውላ ታመሻለች፤ ያውም ጸጥ ብላ። ገበያ ስትወጣ ግን ስለ ዝምታዋ ሳንቲም የጨመረላት የለም። ገዢው ባናውን ዳብሶ፣ ውፍረቱን አይቶ ይከፍላል። ግብር ከፋዩም ግድግዳውን አይቶ ይክፈል።

የሥዕል መምህሩ፣ ከፍቼ፦
እኅቴ፣ የእናትሽ ዝምታ እኮ ፈትሉን እኩል አድርጎታል፤ ገዢው የዳበሰው እርሱን ነው። ደግሞ ረቂቅ ሥዕል የባዕድ ነው እንዳትሉ። የሰላሌው ልጅ ሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ረቂቅ ሥዕል የሠሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረዋል። እስክንድር ብዙ የቀዳው ከጠልሰም፣ በክታብ ላይ ከሚሣለው የፈውስ ሥዕል ነው። የክታቡ ብራና በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ዓይኑና ሐረጉ የሚሣለው ሕመምተኛው እያየው እንዲፈወስበት ነው። ሥዕልን አተኩሮ መመልከት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የአንኮበሩ፦
መምህር፣ ያሉት ክታብ የአንድ ሰው ነው፤ በአንገት ይንጠለጠላል፣ በቤት ይሰቀላል። አዳራሽ የሁላችን ነው። የእኛው አንኮበር የወለደው ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሲሠራ፣ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ገብቶ የአፍሪካን ትናንትና ነገ ያነብበታል። ሕዝብ የከፈለበት ሥዕል ሕዝብን ያናግር።

ጠያቂው፦
የክታቡ መልስ ረትቶኛል፤ እውነት ነው፣ አዳራሽ የግል ብራና አይደለም። በቀን አይቆጠር፣ እሺ፤ ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጥና የዝምታው ጊዜ በውስጡ ይግባ። ሰዓሊው ግን ዘግቶ አይቀመጥ። በዚያው ግድግዳ ፊት፣ በዚያው የጠዋት ብርድ፣ የፈለገ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሥዕሉ የሚያናግረን አብረን ዝም ያልን እንደሆነ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመንዟ፦
አብሬው እቀመጣለሁ። ነገር ግን እንደ አግነስ ማርቲን ሠርቶ ሲያበቃ ካልወደደው፣ ግድግዳውን በኖራ ቢያጠፋውስ?

ጠያቂው፦
ከከፈልነው ዋጋ ላይ ሳይጨምር እንደገና ይቀመጥ።