የዘ ቡም «ሺማ ኡታ» በኦኪናዋ እንዴት ተቀባይነት አገኘ?

ጥያቄ — የቅኝት ተማሪ፦
ዘ ቡም የተባለው የጃፓን የሮክ ባንድ የተጫወተውን «ሺማ ኡታ» ሳደምጥ፣ ሳንሺን የተሰኘው ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ገና ሲጀምር የእኛን የባቲ ቅኝት የሰማሁ ያህል ይሰማኛል። ድምፃዊው ግን የጃፓን ደሴት የሆነችው የኦኪናዋ ተወላጅ እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። ለመሆኑ የደሴቲቱ ሰዎች ዘፈኑን እንዴት ተቀበሉት?

መልስ — ክራር ወዳድ፦
ጆሮዎ አልተሳሳተም። የኦኪናዋ ቅኝት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲን ይዞ የሚሄድ በመሆኑ ከባቲ ሜጀር ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ ይህ ማለት ግን አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም።

መልስ — የምሥራቅ ዜማ፦
የዘፈኑ ደራሲና ድምፃዊ ካዙፉሚ ሚያዛዋ በዋናው የጃፓን ምድር የሚገኘው የያማናሺ ሰው ነው። ኦኪናዋ በሚገኘው የሂሜዩሪ ሙዚየም፣ በ1945 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት ከሞት የተረፉ አንዲት ሴት፣ በጃፓን ሠራዊት ሥር በነርስነት የተሰማሩ ተማሪዎች በዋሻ ውስጥ የደረሰባቸውን ሲናገሩ ሰምቶ ነው ግጥሙን የጻፈው። ላይ ላዩን የፍቅረኞች መለያየት ይመስላል፤ ውስጡ ግን የሙታን ልቅሶ ነው። የሌላውን ሐዘን መዝፈን ይገባኛል ወይ ብሎ ሲያመነታ ያበረታታው ኦኪናዋዊው ሙዚቀኛ ሾኪቺ ኪና ነበር። በታኅሣሥ 1992 እ.ኤ.አ. በደሴቲቱ ቋንቋ የተዘፈነው ቅጂ በኦኪናዋ ብቻ ወጣ፤ በሰኔ 1993 እ.ኤ.አ. በመላው ጃፓን የወጣው ደግሞ ከ1.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ያም ሆኖ «የዋናው ምድር ሰው የእኛን ዜማ ለምን ይዘፍናል?» ብለው የተቃወሙ ኦኪናዋውያን ነበሩ፤ ቅሬታቸውም በእኔ እምነት ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ያን ጦርነት ወደ ደጃፋቸው ያመጣው ከዋናው ምድር የመጣው መንግሥት ነው።

መልስ — ክራር ወዳድ፦
ቅሬታው ተገቢ ቢሆንም ዘፈኑ ራሱ መልስ የሰጠበት ይመስለኛል። አርጀንቲናዊው ኮሜዲያን አልፍሬዶ ካሴሮ በጃፓንኛ እንዳለ ዘፍኖት፣ በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የሀገሩ ደጋፊዎች መዝሙር እስከመሆን መድረሱ የዜማውን ኃይል ያሳያል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚነካኝ፣ ሁለቱ ሰዎች በሸንኮራ አገዳው መካከል ተገናኝተው የሚሰነባበቱበት ክፍል ነው። እዚያ ላይ ዜማው የደሴቲቱን ቅኝት ትቶ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ይህን ልብ ብለው ያድምጡት። ሚያዛዋ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ እንደሆነ ተናግሯል፤ በዋሻዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉትን ሰዎች ለዚያ የዳረጋቸው የጃፓን ጦር በመሆኑ፣ ያን ስንኝ በኦኪናዋ ቅኝት ሊያዜመው አልፈቀደም።